ለመንዝ ሱፍ ፈታዮች የምናቀርበው ሐሳብ፦ ከማሽኑ በፊት ዋጋው

ሰብሳቢ፦ እንደምን ዋላችሁ። ወደ ደብረ ብርሃን የምንልከውን የድጋፍ ጥያቄ ረቂቅ አየሁት። የመጀመሪያው ጥያቄያችን የመፍተያ ማሽን ነው። እኔ ወደ ኋላ እናድርገው ባይ ነኝ። ማሽን ቢመጣም ፈትሉን የሚገዛው ያው ነጋዴ ነው፤ ዋጋ የሚቆርጠውም እሱ። ስለዚህ መጀመሪያ ሴቶቹ ተደራጅተው ፈትላቸውን በጋራ ዋጋ ይሽጡ።

ህንድ ውስጥ ኤላ ባት የምትባል የሕግ ባለሙያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1972 አህመዳባድ ላይ ሴዋ የተባለውን የሴቶች ማኅበር አቋቋመች። አባላቱ ሸክም ተሸካሚዎች፣ አሮጌ ልብስ ነጋዴዎች፣ ቤታቸው የሚሰፉ ሴቶች ነበሩ። በሠራተኛ ማኅበርነት ሊመዘገቡ ቢሄዱ አሠሪ የላችሁም ተባሉ። እነሱም ማኅበር የሚቆመው ለአባላቱ አንድነት እንጂ የግድ በአሠሪ ላይ አይደለም ብለው ተከራክረው ተመዘገቡ። ኋላ ገጠር ወርደው ባናስካንታ የሚባል ደረቅ አገር ጥልፍ ጠላፊዎችን አደራጁ። ሴቶቹ ሙያው ነበራቸው። ያጡት ገበያ ነው። የኛዎቹስ? ቀኑን ሙሉ እንዝርት ሲያሾሩ ውለው ሥራሽ ምንድነው ቢባሉ «ምንም፣ ቤት ነኝ» ነው መልሳቸው።

የሞላሌ አባል፦ እትዬ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን እኛ ጋ ሴቷ በገበያ ቀን ፈትሏን ካልሸጠች ጨውም በርበሬም የለም። ነጋዴው ዋጋ ሲጥልባት አልሸጥም ለማለት የሳምንት ወጪ እጇ ላይ መኖር አለበት። ያ ካልታሰበ የጋራ ዋጋ የወረቀት ወሬ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ልክ ነሽ፣ ስለዚህ ቁጠባው ይቅደም። ሴዋዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ባንካቸውን ያቆሙት 4,000 ሴቶች አሥር አሥር ሩፒ አዋጥተው ነው። ብዙዎቹ መፈረም ስለማይችሉ በፎቶ ነው የተለዩት። ዕቁብ አለን የምትሉ አትጠፉም። ዕቁብ ደግ ነው፤ ግን ዕጣ የወጣላት ይዛው ትሄዳለች፣ ፈትል ገዝቶ የሚያቆይ ካዝና አይሆንም። እኔ የምለው፦ ፈትሉን ስንረከብ የዋጋውን ግማሽ እዚያው እንስጣት፣ ቀሪውን ሲሸጥ። ደብተሩ በራሷ ስምና ፎቶ ይሁን። በባል ስም የሚለውን ከረቂቁ አውጡልኝ፣ እባካችሁ።

ሸማኔው አባል፦ እኔም ልናገር፣ ከፈትሉ ባናውን፣ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ የምሠራው እኔ ነኝ። ቀጭኑና ወፍራሙ ፈትል በአንድ ዋጋ ከተገዛ ተጠንቅቃ የፈተለችው ትከስራለች፤ የኔም ባና ይሳሳል። ደረጃ አውጡለት፤ ጥቁሩና ነጩም ይለይ። ከነጋዴው ይልቅ ከናንተ ብገዛ ደስ ይለኛል። ዱቤ አልጠይቅም ብዬ ግን አልምልም።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ የምንጠይቀው ሚዛን፣ ሱፍ ማበጠሪያና ዝናብ የማያስገባ መጋዘን ይሁን። ማበጠሩም ቀን ይበላል። አደረጃጀታችን በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ይሆናል፤ ብዙ አክሲዮን ያላትም አንዲት የያዘችም ድምጿ አንድ ነው። ስብሰባው በገበያ ቀን ይሁን፣ ያኔ መምጣታቸው አይቀርም። ማሽኑን በሁለተኛው ዓመት ዕቅድ አስገብቼዋለሁ።

የሞላሌ አባል፦ ሚዛኑን ማን ይይዛል? ከነጋዴ ጋር ዝምድና የሌላት ትሁን፤ በየወሩም ትቀየር።

ሰብሳቢ፦ ይጻፍ። ደብረ ብርሃን ከመላካችን በፊት ለመሐል ሜዳዎቹ ፈታዮች አንብቡላቸው። የግማሽ ክፍያው ነገር ላይ ሳይስማሙ አንልክም።