«ማን ይሰማዋል ብለሽ ነው?» በአካባቢ ራዲዮ ሠራተኞች ላይ ስለሚታየው መሰላቸትና ስለ ጽናት

ጥያቄ፦ የማክሰኞ አዘጋጅ (ጎጃም)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጎጃም ካሉት የአካባቢ ራዲዮ ጣቢያዎች በአንዱ ሰባት ዓመት የሠራሁ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ምሽት ስለ እርሻና ስለ ቤተሰብ ጉዳዮች የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም አዘጋጃለሁ፤ ዜናም በተራዬ አነባለሁ። ይህን የምጽፈው በባልደረቦቼም በራሴም ላይ የማየው ነገር ስላስጨነቀኝ ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ ገበሬው ጤፉን አጭዶ በሚከምርበት ሰሞን፣ በእኔ ሰዓት የተላለፈው በግንቦት የተሠራና ስለ ዘር መረጣና ስለ ማሳ ዝግጅት የሚናገር ፕሮግራም ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የፋይሉን ስም ሳላረጋግጥ ለቴክኒሻኑ ሰጠሁት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲተላለፍ በጣቢያው ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፤ አንዳችንም እየሰማን ስላልነበር አንዳችንም አላስተዋልንም። በማግስቱ ደርሼበት ደንግጬ ስናገር አንድ ባልደረባዬ በለሰለሰ ድምፅ «ማን ይሰማዋል ብለሽ ነው?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። እኔም ለጊዜው ተጽናናሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ግን በዚህ ቃል መጽናናቴ ነው።

ሥራውን ስጀምር እንዲህ አልነበርንም። በጠዋቱ ስብሰባ በአንድ ዜና መግቢያ ላይ እስከ መኳረፍ ድረስ እንከራከር ነበር። አሁን ስብሰባው ዐሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጣው ጽሑፍ ይከፋፈላል፣ ይነበባል፣ በዚያው ያልቃል። መቅረጫው ከመሳቢያ ሳይወጣ ሳምንት ያልፋል። በዚህ ሥራ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የቆያችሁ ሰዎች፣ ይህን መሰላቸት ታውቁታላችሁን? ከደመወዙ ነው፣ ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ ስለዞረ ነው፣ ወይስ ከእኛው ከራሳችን? ያለፋችሁትስ እንዴት አለፋችሁት?

መልስ፦ የማሰራጫ ቴክኒሻን፣ 14 ዓመት

እህቴ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ማን ይሰማዋል» የሚለው ቃል በእኛም ቤት ሲነገር ኖሯል። እኔ አንድ ቀን ቃሉን የምር ጥያቄ አድርጌ ወሰድኩትና መልሱን ፍለጋ ወጣሁ።

ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው መስመር የሚጓዘው የኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው አንቴናው ፊት ለፊት ወደሚያየው ቦታ ቀጥ ብሎ የሚሄድ እንጂ፣ እንደ መካከለኛ ሞገድ የመሬቱን ቅርፅ ተከትሎ የሚጎነበስ አይደለም። ጎጃም ደግሞ ከ4 ሺሕ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ የቆመበት፣ ዓባይም በጥልቅ ሸለቆ የከበበው አገር ነው። ስለዚህ ከተራራው ጀርባ ያለ ቀበሌ ቅርባችን ሆኖ ሳለ ላይሰማን፣ ከሸለቆው ማዶ ከፍ ባለ ቦታ የተቀመጠ መንደር ግን ርቆ ሳለ ጥርት አድርጎ ሊሰማን ይችላል። አንድ የበጋ ወር ቅዳሜና እሑድ እየጠበቅሁ ትንሽ ራዲዮ ይዤ በአይሱዙም፣ በባጃጅም፣ በእግርም ዞርኩ፤ ድምፁ የሚጠራበትን፣ የሚሻክርበትንና የሚጠፋበትን ቦታ ሁሉ በደብተር ጻፍኩ። ለዓመታት በስሙ እየጠራን ሰላምታ ስናቀርብለት የኖርነው አንድ አካባቢ ጨርሶ እንደማይሰማን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በአንጻሩ ከዓባይ ማዶ፣ በደቡብ ወሎ በኩል፣ ስማቸውን አንሥተን የማናውቅ ቀበሌዎች ምሽቱን ከእኛ ጋር እንደሚያሳልፉ ከገበያተኞች ሰማሁ። ደብተሩን ለአዘጋጆቹ ሳነብላቸው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ከረጅም ጊዜ በኋላ ክርክር ተነሣ።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩም ነዳጅ ሲያጣ ሥርጭቱ ይቋረጣል፤ ይህ በእኛ እጅ አይደለም። ስንመለስ ግን «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት የጠፋነው በዚህ ምክንያት ነው» ብለን መናገር ጀመርን። ሳይነግር ጠፍቶ ሳይነግር የሚመለስ ጣቢያ አድማጩን አለመጠበቅ ያስለምደዋል፤ ሠራተኛውንም ያስለምደዋል።

መልስ፦ የቀድሞ ሪፖርተር

የቴክኒሻኑን ሥራ ከልቤ አከብራለሁ፤ ሆኖም በገዛ የዕረፍት ቀኑና በገዛ ገንዘቡ መዞሩን ሳናነሣ ማለፍ የለብንም። አምስት ዓመት ሠርቼ ከዚህ ሙያ የወጣሁት ሥራውን ስላልወደድኩት አይደለም። የቤት ኪራይ ከፍዬ ለትራንስፖርት የሚተርፈኝ ስላልነበረ፣ ገጠር ወርጄ ልሠራው የሚገባኝን ዘገባ ከወንበሬ ሳልነሣ መሥራት ለመድኩ፤ ከዚያም ራሴን መናቅ ጀመርኩ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533ም ሆነ እርሱን ተክቶ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ለትርፍ የማይሠራ አገልግሎት አድርገው ደንግገዋል፤ ለትርፍ አለመሥራት ግን ሠራተኛው ሳይበላ ያገልግል ማለት ተደርጎ ሲተረጎም በዓይኔ አይቻለሁ። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት በበጎ ፈቃደኝነት ይገባል፣ ሁለት ዓመት ይለፋል፣ ሙያውን ሲይዝ ይሄዳል፤ ጣቢያውም እንደገና ከሀ ይጀምራል። በየሁለት ዓመቱ ከሀ የሚጀምር ቤት ውስጥ የሚቀሩት ሰዎች ቢታክታቸው አልፈርድባቸውም።

ሌላም ነገር አለ። ዝምታን ሁሉ መሰላቸት አንበለው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በእኔ ሰፈር ራዲዮ ትተው የነበሩ ሰዎች አቧራውን ጠርገው ከፈቱት፤ መንገድ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል የሚለውን ለማወቅ በየሰዓቱ ጆሮ ይሰጡ ነበር። ጆሮ እንዲህ በተመለሰበት ጊዜ ማይክራፎኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ መመዘን ነበረበት። ተመዝኖ ተመዝኖ ያልተነገረ ነገር ሲከማች ሰውን ያደክማል፤ ድካሙም ከውጭ ሲያዩት ግድየለሽነት ይመስላል። ጠያቂዋ ባልደረቦቻቸውን ሲመለከቱ ይህንን እንዲያስቡላቸው እለምናለሁ።

መልስ፦ አድማጭ፣ ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ

ልጄ፣ እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁም፤ በቡሬና በጃቢ ጠህናን በኩል ከሠላሳ ዓመት በላይ በግብርና ሥራ አገልግያለሁ። «ማን ይሰማዋል» ለሚለው ምስክርነቴን ልስጥ።

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች የሚባለው ተባይ ወደ አገራችን ገባና በዚያው ክረምት በቆሏችን ላይ ወረደ። ተምቹ ቀን ቀን በቡቃያው እምብርት ውስጥ ተወሽቆ ስለሚውል፣ ማሳው ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ልቡ ተበልቶ ያልቃል። እኛ የግብርና ሠራተኞች በእግራችን ስንት ቀበሌ ልንደርስ እንችላለን? ያን ሰሞን አንዲት አቅራቢ በየምሽቱ አንድ ዓይነት ነገር ትናገር ነበር፤ በጠዋት ማሳችሁ ግቡ፣ የቅጠሉን እምብርት ገልጣችሁ እዩ፣ ትሉን በእጃችሁ እየለቀማችሁ ግደሉ ትላለች። ቃሉ እንኳ ስለማይለወጥ እሷ ራሷ ሰልችቷት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ጠዋት ወደ ማሳ ስወጣ እናቶችና ልጆች ጣሳ ይዘው ሲለቅሙ አገኘኋቸው፤ ማን እንደነገራቸው ብጠይቅ «ራዲዮኑ» አሉኝ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ወደ ጣቢያው የደወለ አንድም አልነበረም። ለምንስ ይደውላሉ? ካርድ ገንዘብ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ከብት ይገባል፣ እሳት ይነዳል፣ ልጅ ያለቅሳል። የአገራችን ገበሬ ለመካሪው ምስጋና የሚልከው ምክሩን በመፈጸም ነው።

በብዙ ቤት ራዲዮኑ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንደገና ይገባል። ድንጋይ አስጥቶ የሚሰማችሁን ሰው የለም አትበሉት። ስለ ኅዳሩ ነገርም አንዳች ልንገርሽ። የእናንተ ጣቢያ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ በእኛም ሰፈር በአጨዳ ወቅት ስለ ዘር ሲነገር ሰምተን እርስ በርሳችን ተያይተናል፤ ሳምንቱን ሙሉም «ምነው፣ እዚያ ቤት ሰው የለም እንዴ?» ስንባባል ሰነበትን። እናንተ ሰሚ የለም በምትሉበት ሰዓት እኛ ተናጋሪ የለም እያልን ነበር።

መልስ፦ ባልደረባ፣ 22 ዓመት በሙያው

አባቴ በወጣትነቱ ዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ነበር። ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየጮኸበት፣ በሣር ጎጆ እያደረ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት እንደቆየ ስጠይቀው የሚያወራኝ ስለ ረኃቡ ሳይሆን ስለ መምህሩ ነበር። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ይሰማዋል፣ የተበላሸውን ያርማል፣ የማይረባውን ይመልሳል። የሚሰማውና የሚያርመው ሰው ስላለ ተማሪው ነገም ይመጣል።

እኅት ዓለም፣ በጽሑፍሽ ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ አምስት ሰዎች በጣቢያው ተቀምጣችሁ ፕሮግራሙን አለመስማታችሁ ነው፤ ምክንያቱም እኛም በዚያው አልፈናል። የገበሬው ጆሮ ሩቅ ነው፤ ቴክኒሻኑ እንዳደረገው ካልሄዱበት አይገኝም። የባልደረባ ጆሮ ግን በአንድ ግድግዳ ማዶ ያለ ነው፤ ቀድሞ የሚጠፋውም እርሱ ነው። እኛ ሦስት ሆነን ዓርብ ከሰዓት በኋላ በር ዘግተን የሳምንቱን ሥራ መስማት ጀመርን። ደንባችን አንድ ነበር፤ ስለ ሰውየው አይነገርም፣ ስለተሰማው ድምፅ ብቻ ይነገራል፤ የት ላይ ሰለቸን፣ የትኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀረ፣ የትኛው ቃል ለገበሬው አይገባውም። የመጀመሪያው ወር መራራ ነበር፤ አንዷ አልቅሳ ወጥታ ሁለት ሳምንት ቀርታለች። ዘጠኝ ሠራተኞች ከነበርነው ውስጥ ከሦስታችን ሌላ ሊመጣ የወደደ አልነበረም፤ ዛሬም አምስት ብንሆን ነው። ደመወዛችን አልጨመረም፤ የቀድሞው ሪፖርተር ያነሡት ጥያቄ ሁሉ ትክክልና ገና ያልተመለሰ ነው፤ አለቆች ዘንድ ቀርበን የምንጠይቀውም እሱኑ ነው። እኔ የምመሰክረው በዓርቡ ክፍል የሚቀመጡት አምስት ሰዎች ከመሥሪያ ቤት የመጣ ጽሑፍ እንደወረደ ማንበብ ማቆማቸውን ብቻ ነው፤ ዓርብ ይመጣል ብለው ያፍራሉና።

የጠያቂዋ መልስ፦ የማክሰኞ አዘጋጅ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለቀድሞው ሪፖርተር፦ ልክ ብለዋል፤ ያ ባልደረባዬ ልጆቹን የሚያሳድገው በምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ትናንት አብረን ቡና ጠጣን፤ ያወራነው ሁሉ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ቅዳሜ መቅረጫውን ከመሳቢያ አውጥቼ ገበያ ወጣሁ። ጌሾ ከሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆሜ ሰላምታ ሰጥቼ ስለ ዋጋ መጠየቅ እንደጀመርኩ፣ ገና ማንነቴን ሳልናገር ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ የማክሰኞዋ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። ነኝ ስላቸው እጄን ይዘው «ምነው ዘንድሮ ድምፅሽ ደከመ? ታመሽ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

መቅረጫው ያን ጊዜ አልተከፈተም ነበር። ቃላቸውን ግን ለባልደረቦቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሁለቱ በመጪው ዓርብ አብረውኝ ለመስማት ተስማምተዋል። በማክሰኞው ፕሮግራም መክፈቻ ላይ ስለ ኅዳሩ ስሕተት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እኒያ እናት የሚሸጡበትን ገበያ ስምም እጠራለሁ።