የቀበሌው ፈረስ ጨዋታ ተመልካች ለምን ሳሳ? ሜዳው ይታጠር፣ መግቢያ ይከፈልበት?

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬውን ጥያቄ ላስቀምጥ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር እንጅባራ ላይ ጥር 23 የሚያከብረውን በዓል ለጊዜው ለብቻው አቆዩት፤ እሱ ተመልካች አላጣም። የምናወራው ስለ ትንንሾቹ ነው፤ በደብር ንግሥ፣ በጥምቀት፣ በሠርግ ማግስት በየቀበሌው ሜዳ ስለሚደረገው ጉግስ (ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንግ እየወረወሩ መባረር) እና ሽርጥ (የፈረስ ሩጫ)። ተመልካቹ ሳሳ በሚለው ላይ አብዛኞቻችሁ ትስማማላችሁ። ያለያያችሁ መፍትሔው ነው። ሜዳው ይታጠር፣ መቀመጫ ይሠራ፣ መግቢያ ይከፈል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ያዋጣል ወይስ የቀረውንም ሰው ያባርራል? ስድብ የለም።

ከደብረ ማርቆስ፦ እኔ ይታጠር ባይ ነኝ። ሰው የቀረው ፈረስ ጠልቶ አይደለም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተብሎ ሰባት ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ ማን ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል? ከተጀመረም በኋላ የሚያየው ፊት የተሰለፈው ብቻ ነው፤ ለኋለኛው የሚደርሰው አቧራና የሰው ጀርባ ነው። ማን ከማን እንደገጠመ የሚናገር የለም። የትኛው ፈረስ የማን እንደሆነ የሚለየው ያገሬው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ ምን እንዳየ ሳይገባው ይመለሳል። ለጋላቢው ቁጥር ይለጠፍለት፣ ድምፅ ማጉያ ይቁም፣ ሰዓት ይከበር። ይህን የሚሠራ ሰው ደግሞ አበል ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ከመግቢያ ካልመጣ ከየት ይመጣል?

ባለልጓም፦ ወንድሜ፣ አንተ የምትቆጥረው ሰው ነው፤ መቆጠር ያለበት ፈረስ ነው። የቀበሌ ጨዋታ ተመልካች ቲኬት ቆርጦ የሚገባ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። የፈረሱ ጌታ ቤተሰብ፣ አማቹ፣ ጎረቤቱ፣ የጽዋ ማኅበርተኛው ነው። አንድ ፈረስ ከቤት ሲቀር እነዚህ ሁሉ አብረው ይቀራሉ።

ፈረሱ ለምን ቀረ በሉኝ። የደጋችን ፈረስ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ቢመዝን፣ በቀን ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እስከ ሁለት ተኩል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ 5 ኪሎ ተኩል ያዙለት። በዓመት 20 ኩንታል መጣ። ግማሹን ግጦሽ ቢሸፍነው እንኳ 10 ኩንታል ድርቆሽና ጭድ መከመር አለበት፤ ገብሱንና ባቄላውን ሳንቆጥር። ድሮ ይህን ወጪ ፈረሱ ራሱ ይከፍለው ነበር፤ ይጫናል፣ አውድማ ላይ ያበራያል፣ ከተማ ወርዶ ጋሪ ይጎትታል። ጋሪውን ባጃጅ ነጠቀው። በዓመት ሁለትና ሦስት ቀን ለሚጋለብ እንስሳ 20 ኩንታል የሚያወጣ ገበሬ ስንት አለ? እናንተ ደግሞ እዚያ ላይ መቀመጫ እንሥራ ትላላችሁ።

ሜዳ ቆጣሪ፦ አያ ባለልጓም ግማሹን ነው የተናገረው። «ሜዳውም ይኸው ፈረሱም ይኸው» ብሎ መፎከር ድሮ ቀረ፤ ሜዳው ራሱ የት አለና? ከእንጅባራ ወደ ፋግታ ለኮማ ስትሄዱ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። መጀመሪያ ከሰብል ጋር ይዘራል፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ብሎ ይነሣል፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ገበሬውን አልወቅስም፤ አሲድ ያጠቃው ማሳ ያልሰጠውን ጥሬ ብር ዛፉ ሰጥቶታል። በቅርብ ዓመታት ዋግ ገብቶ ዛፉን ቢጎዳውም፣ መሬቱ ተመልሶ የወል ግጦሽ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም።

ይህ ጨዋታውን እንዴት እንደሚገድለው በሜትር ልንገራችሁ። ሽርጥ ሩጫ ነው። ፈረስ ከቆመበት ተነሥቶ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪያወጣ ቦታ ይፈልጋል፤ ከዚያ መሮጫ፣ ከዚያ መብረጃ፣ ማለትም ፍጥነቱን ቀንሶ መቆሚያ። እኔ ለመሮጫው 300 ሜትር፣ ለመብረጃው ሌላ 80፣ ለወርዱ 40 ካልተገኘ አታስሩጡ እላለሁ። 150 ሜትር ላይ ሲያስሮጡ ፈረሱ ገና መዘርጋት ሲጀምር ልጓሙ ይሳባል፤ ተመልካቹ ፍጥነት አያይም፣ ጋላቢው ደግሞ ሰው መሐል ገብቶ ይቆማል። ጉግስ ሲሆን ይብሳል። ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ የተወረወረበትን ዘንግ ሲመክት፣ አባራሪው ከኋላው ሲደርስበትና ሲያመልጠው ነው ጨዋታው። ጠባብ ሜዳ ላይ ማምለጫ ስለሌለ ዘንግ ተወርውሮ ያልቃል፣ በቃ። ይህን ሜዳ ማጠር ማለት ጥበቱን በሽቦ ማጽደቅ ነው።

ጋራዥ፦ ከባሕር ዳር ነኝ፤ ሙያዬ ሞተር ስለሆነ ምሳሌዬም ከዚያው ነው። ስፒድዌይ የሚባል የሞተር ሳይክል ውድድር አለ። 500 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ማርሽ፣ በሜታኖል የሚሠራ፣ ፍሬን የሚባል ነገር ጭራሽ የሌለው ሞተር ነው። አራት ጋላቢ ሞላላ የአፈር ሜዳ ላይ የኋላ ጎማውን እያንሸራተተ ወደ ግራ አራት ዙር ይዞራል። አንደኛ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ የመጨረሻው ባዶ። አንዱ ግጥሚያ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ይህ ጨዋታ ከ1928 ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) አጥርም ቲኬትም ነበረው። በ1981 የዓለም ፍጻሜው ዌምብሌይ ላይ ሲደረግ ዘጠና ሺህ የሚያልፍ ሰው ገብቷል። ዛሬ የክለቦቹ ግጥሚያ ሰው አጥቶ፣ ሜዳው ለሌላ ጥቅም እየተፈለገ ይዘጋል፤ የኮቨንትሪው ከ2016 ወዲህ አልተጋለበበትም፣ የዎልቨርሃምፕተንና የፒተርቦሮው በ2023 አበቃ። እንግዲህ አጥርና ቲኬት ተመልካች የሚያቆይ ቢሆን እነሱ ጋ በቆየ ነበር።

ደጋፊዎቹ የሚያነሡት ቅሬታ ሁለት ነው። አንደኛው መጠበቅ ነው። በአንድ ምሽት 15 ግጥሚያ ቢኖር፣ እሽቅድምድሙ ሲደመር 15 ደቂቃ ነው፤ ሰውየው ግን ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። መሐል ላይ ትራክተር አፈሩን ይደለድላል፣ ቦቴ ውኃ ይረጫል፣ የወደቀ ይነሣል። ሁለተኛው የተውሶ ጋላቢ ነው። የክለቡ ሰው ሲጎዳ ወይም ፖላንድና ስዊድን ሲጋልብ፣ ከሌላ ክለብ አንድ ለምሽቱ ብቻ ይዋሳሉ። ባለፈው ሳምንት የተቃወምከውን ጋላቢ ዛሬ አጨብጭብለት ማለት ነው። ፖላንድ ውስጥ ደግሞ ያው ሞተር፣ ያው ሕግ፣ ስታዲየሙ ግን ይሞላል፤ ከተማው ክለቡን የራሱ አድርጎ ይዞታል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋራዥ፣ ምሳሌህ ራስህን መታህ። ፖላንድም እኮ ቲኬት ይቆረጣል። መጠበቅ ያሰለቻል ካልክ ደግሞ የኔን ነው የተናገርከው፤ ሰዓት ይከበር።

ጋራዥ፦ ሰዓቱ ላይ አልተጣላንም። የተጣላነው «አጥር ከተሠራ ሰው ይመጣል» የሚለው ላይ ነው። ሰው የሚመጣው የኔ የሚለው ሲሮጥ ነው፤ ይህን ያለው ደግሞ ባለልጓም ነው፣ ፈረንጅ አይደለም።

የዳንግላው ሐኪም፦ እኔ ስለ አጥር አልናገርም። ፈረሱ ለምን ከሜዳ እንደሚቀር ግን በዝርዝር አውቃለሁ፤ አብዛኛው ከድህነት ይልቅ በአያያዝ የሚመጣ ነው።

አንደኛ፣ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ። የሚያስተላልፈው በምሽትና በሌሊት የሚነክስ ጥቃቅን ዝንብ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ይበረታል። ትንፋሹ ያጥራል፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ይነፋል፣ ካፍንጫው አረፋ ይወጣል፣ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ሳንባውን ከያዘው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። ገበሬው የሚጠይቀኝ ግን መስከረም ላይ ጎረቤት ፈረስ ሲሞት ነው፤ ያኔ ዘግይቷል፤ መከላከያው ሰውነት ውስጥ እስኪገነባ ሳምንታት ይወስዳል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይከተብ፣ ከተከተበ በኋላ ሁለት ሳምንት ከከባድ ሥራ ይረፍ፣ ክረምት መውጫ ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ይግባ።

ሁለተኛ፣ ቢቺ። በእግሩና በአንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት ነው፤ ይፈነዳል፣ መግል ያወጣል። ፈንገስ ነው። በቁስል ላይ በሚያርፍ ዝንብና በተዋዋሱት ዕቃ ይዛመታል፤ የጋሪ ፈረስ ላይ የሚበዛውም መታጠቂያው ቆዳውን ስለሚልጠው ነው። ለበዓል ኮርቻ መዋዋስ ደግ ነገር ይመስላል፤ ቢቺ ካለበት ፈረስ የወረደ ኮርቻ ግን ለጤነኛው አይጫንም።

ሦስተኛው የበዓል ሰሞን ጥፋት ነው፤ በጣም የሚያናድደኝም እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጭድ ሲበላ የከረመ ፈረስ በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ገብስ ይቆለልለታል፣ እንዲያምርበት። ሆዱ አይችለውም። ይቆርጠዋል፣ ይንከባለላል፣ ጎኑን ዞሮ ያያል፤ አንዳንዱ ኮቴው ግሎ መራመድ ያቅተዋል። መኖ የሚቀየረው ከ7 እስከ 10 ቀን ጥቂት በጥቂት ነው። ለጥር 23 የሚሮጥ ፈረስ ልምምዱ ከኅዳር መጨረሻ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት እርምጃ ብቻ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ግልቢያው በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ቀን። እንደዚህ ያልተዘጋጀ ፈረስ ሁለተኛው ዙር ላይ ያቆማል፤ «አሰልቺ» የሚባለው ጨዋታ ግማሹ የደከመ ፈረስ ጨዋታ ነው።

አራተኛ፣ ገጣባ። የኮርቻው እንጨት የትከሻውን ሹል አጥንት ከነካ በአንድ ቀን ይልጠዋል። ሰው ተቀምጦበት እጃችሁን ከፊት አስገቡ፤ ሁለት ሦስት ጣት ካላስገባ ያ ኮርቻ የዚያ ፈረስ አይደለም፤ ግላስ መደራረብ አያድነውም። የሆድ ማሰሪያውን ስታጠብቁ ፈረሱ ሆዱን ይነፋል፤ አሥር ደቂቃ አራምዱትና ድገሙት። ካልደገማችሁ ኮርቻው የሚዞረው ሙሉ ግልቢያ ላይ ነው።

ባለልጓም፦ ሐኪም፣ እርካቡንም ጨምርበት። የድሮው ቀለበት ለባዶ እግር አውራ ጣት የተሠራ ነው። ዛሬ ልጁ ቡትስ አድርጎ ይገባበትና ሲወድቅ እግሩ አይወጣም፤ ይጎተታል። ከጫማው ወርድ ሁለት ሴንቲ የሚሰፋ እርካብ ያሠሩ። ከፌሮ የተበየደ ልጓም ደግሞ ብየዳው ካልተሞረደ ምላስ ይቆርጣል፤ አፉ የደማ ፈረስ ጭንቅላቱን እያነሣ እምቢ ሲል ተመልካቹ «ፈረሱ ክፉ ነው» ይላል።

የአንከሻዋ፦ እናንተ ወንዶቹ ስለ ፈረሱ ብቻ ታወራላችሁ። ሕፃን ያዘለች ሴት የት ቆማ ትይ? ዛፍ የለ፣ መጸዳጃ የለ፣ ፈረሱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅ። እናት ከቀረች ልጆቹም አይመጡም፣ ልጅ ሳለ ያላየ ደግሞ አድጎ አይጭንም። አንድ ነገር ግን ልበል። በንግሥ ቀን ታቦት ሸኝቶ የመጣን ሰው፣ የራሱ ቀበሌ ሜዳ በር ላይ አቁሞ ብር አምጣ ማለት ነውር ነው። እንጅባራ ላይ ለእንግዳ መቀመጫ ይከራይ ካላችሁ እሺ። እዚህ ግን አይሞከርም። ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው መሰብሰብ ሲፈራ የቀረውንም ሰው «ጨዋታው ሰልችቶት» ብላችሁ አትጻፉበት።

ከደብረ ማርቆስ፦ እታለም፣ የንግሡን ቀን ተቀብያለሁ፤ እሱን ሳላስብ ተናገርኩ። ጸጥታውም እውነት ነው፤ መሳሳቱ ግን ከዚያ በፊት የጀመረ ነው።

ሜዳ ቆጣሪ፦ «ከዚያ በፊት» የምትለውን ማን ቆጠረው? ሁላችንም በዓይን ግምት ነው የምንከራከረው። ዘንድሮ እንኳ እንቁጠር። ከሜዳው መግቢያ ላይ አንድ ሰው የገባውን ፈረስ በቀበሌ በቀበሌ ይመዝግብ። ለሰው ደግሞ ጨዋታው በደመቀበት ሰዓት ከከፍታ ፎቶ አንሥቶ፣ ሰዉ የያዘውን ርዝመትና ወርድ በእርምጃ መለካት ነው። 200 ሜትር በ3 ሜትር ቢሆን 600 ካሬ ነው፤ ሳይጨናነቅ ለቆመ ሰው በካሬ ሁለት ብትይዙ 1,200። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ቦታ ድገሙት።

ባለልጓም፦ የአጓጓዙንም ነገር አትርሱ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣው ፈረስ አስፋልት ላይ ሲረግጥ ይውላል፤ ኮቴው ብረት ስለሌለው ያልቃል፣ ማግስት ያነክሳል። አይሱዙ ላይ የሚጭኑ አሉ፤ መወጣጫ ስለሌለ እያዘለሉ። ዳገት ያለበት ቦታ ፈልጋችሁ መኪናውን ጀርባውን ወደ ዳገቱ አስጠጉ፣ ወለሉ ላይ ጭድ አልብሱ። ወጪው ይህ ብቻ ነው።

የአንከሻዋ፦ አጥሩስ? በምን ቋጨን?

ሜዳ ቆጣሪ፦ ሽቦ አይሁን። የገባበት ፈረስ አንጀቱ ይወጣል፣ ሰውም መሸሻ ያጣል። ከመሮጫው መስመር 15 ሜትር ርቆ ወገብ ላይ የሚደርስ ገመድ፣ በየ5 ሜትሩ የባሕር ዛፍ ችካል፣ ገመዱ ላይ ፈረሱ ከሩቅ የሚያየው ነጭ ጨርቅ። በመብረጃው ጫፍ ማንም አይቆምም። ሴቶችና ልጆች በመነሻው በኩል ይሁኑ፤ እዚያ ፈረሱ ገና አልፈጠነም።

ከደብረ ማርቆስ፦ እሺ፣ ገመድ ይሁን። 380 ሜትር በግራ፣ 380 በቀኝ፣ 760 ሜትር ገመድና መቶ ሃምሳ ምናምን ችካል ነው። እኔ መግቢያ ይከፈል ያልኩት እኮ ለዚህ ነበር። ማን ይግዛው?

ባለልጓም፦ ችካሉ ከየቤታችን ነው። ስለ ገመዱ ለጽዋ ማኅበሩ እንንገር።