ከእርምጃ በኋላ የአንዱ የደም ግፊት ይወርዳል፣ የሌላው ለምን ንቅንቅ አይልም?

የጦሳ ሥር (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ 46፣ አንዱ 43 ዓመቱ። የሁለቱም ግፊት 145/92 አካባቢ ነው፤ መድኃኒት አልጀመሩም። በየማለዳው ከሆጤ ተነስተው ፒያሳን ዞረው 40 ደቂቃ አብረው ይራመዳሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲለኩ ታናሹ 134/86፣ ታላቁ 144/92። አንድ ቤት፣ አንድ መንገድ፤ ዘር ነው እንዳልል የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው። ምን ይሆን?

ቦርከና
አብሽር። መንገዱ አንድ ቢሆንም ጫናው አንድ አይደለም። ለታናሹ የሚያስተነፍሰው እርምጃ ለታላቁ ሽርሽር ሊሆን ይችላል። በልብ ምት አስላው፦ 220 ሲቀነስ ዕድሜው 46፣ 174፤ ይህ የልቡ ከፍተኛ ምት ግምት ነው። ቁጭ ብሎ ሲለካ 74 ከሆነ ልዩነቱ 100 ነው። የዚህን 40 በመቶ 74 ላይ ብትደምር 114፣ 60 በመቶውን ብትደምር 134። መካከለኛ የሚባለው በነዚህ መካከል ያለው ነው። ቁጥር ካስቸገረ፦ ማውራት ይችላል፣ መዝፈን ግን አይችልም።

ግፊቱ የሚወርደው በሠራው ጡንቻ ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች ከእንቅስቃሴ በኋላም ለሰዓታት ተከፍተው ስለሚቆዩ ነው። አንዱ ከፋቻቸው ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች በመድኃኒት ሲዘጉ መውረዱ በጣም ይቀንሳል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ጫናው ሰውየው ቢበዛ ሊጠቀም ከሚችለው ኦክስጅን አንጻር በ10 በመቶ ሲጨምር የላይኛው ግፊት ተጨማሪ 1.5 ያህል እንደሚወርድ አሳይቷል። ስለዚህ ታላቁ መሮጥ አያስፈልገውም፤ ደሴ ዳገት አታጣም፣ በዚያው እርምጃ ዳገት ይጨምር።

ልኬት ይቅደም
ከዚያ በፊት ልኬቱን አጥሩ። 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ አይጣመር፣ ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ይሁን፣ ሽንቱንም ሸንቶ ይምጣ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። የክንድ ማሰሪያው ለወፍራም ክንድ ከጠበበ ከፍ ያለ ውሸት ያወጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ሌላ አለ፦ ጠዋት ግፊት በራሱ ይወጣል። ሳይራመድ በዋለበት ቀን በዚያው ሰዓት ለኩት። ያን ቀን 151 ካሳየ፣ የእርምጃው ቀን 144 ወርዷል ማለት ነው።

አንድ ፍሬ
ዘሩን ግን ቶሎ አትጣለው። ወንድማማቾች የሚጋሩት ከሚለያየው ዘረመል በአማካይ ግማሹን ነው። ለምሳሌ አንጂዮቴንሲንን የሚያነቃው ኤንዛይም ዘረመል አጭርና ረጅም ቅጂ አለው። አባትም እናትም አንዳንድ ካላቸው፣ አንዱ ልጅ ሁለት አጭር፣ ሌላው ሁለት ረጅም ሊወርስ ይችላል። አጭሩን የያዘ ኤንዛይሙ ይበዛበታል፤ የደም ሥር የሚያጠብበው አንጂዮቴንሲን የሚሠራው በእሱ ነው። ሆኖም የአንድ ዘረመል ድርሻ ትንሽ ነው፣ ጥናቶቹም እርስ በርስ አይስማሙም። ለምርመራው ገንዘብ አታውጡ፤ የ2 ሳምንት የልኬት ደብተር ይበልጣል።

ጥንቃቄው ይኸው፦ ከመነሳቱ በፊት 180/110 ከደረሰ ያን ቀን ይቅር፣ ሐኪም ይየው። ዳገቱን እንደጨረሰ ድንገት አይቁም፤ ደም እግሩ ላይ ይጠራቀምና ያዞረዋል፤ 5 እስከ 10 ደቂቃ ዝግ ብሎ ይራመድ። ወደፊት አቴኖሎል ዓይነት የልብ ምትን የሚያዘገይ የግፊት መድኃኒት ከታዘዘለት የልብ ምት ስሌቱ አይሠራም፤ በንግግሩ ይለካ።

የጦሳ ሥር (ደሴ)
አላህ ይስጣችሁ። አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ ታላቁ ገብቶ ከአቦል እስከ በረካ ሳይጨርስ አይለካም።

ልኬት ይቅደም
በል ተገኘ! ቡና ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ በረካውን ይጠጣ። ዳገቱን ከሳምንት በኋላ ጨምሩለት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።