ሊትየም ባትሪዬ በጓሳ ውርጭ ጠዋት ጠዋት አልሞላ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ ሶላር የምታውቁ እርዱኝ። አንድ አሮጌ ዶልፊን ወንበሩን አውጥቼ አልጋ ሰርቼለት ከደብረ ብርሃን መንዝ ጓሳ እየተመላለስኩ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ፎቶ አነሳለሁ፣ አንዴ ከሄድኩ አራት አምስት ቀን መኪናው ውስጥ ነው የማድረው። ጣራው ላይ ባለ 200 ዋት ፓኔል አለ፣ ባትሪው 12 ቮልት 100 አምፒር አወር ሊትየም ነው።

ችግሩ ህዳር ከገባ ወዲህ ነው። ቦታው ከ3200 ሜትር በላይ ስለሆነ የሌሊቱ ብርድ አይጣል ነው፣ ባለፈው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 4 ይላል፣ ሳሩ ነጭ ሆኗል፣ የጀሪካኑ ጎማ ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሰርቶ ጎማው እንደ ዱላ ደርቋል። ፀሐይ ወጥታ ፓኔሉን እየመታችው እንኳን ኮንትሮለሩ (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው) የሚያሳየው ዜሮ አምፒር ነው፣ እስከ 4 ሰዓት ምንም የለም ከዛ በራሱ ይጀምራል። ሊትየም ከዜሮ በታች ቻርጅ ከተደረገ ስለሚበላሽ ውስጡ ያለው መከላከያ እንደሚዘጋው ገብቶኛል፣ አምፖሉማ ይበራል፣ መሙላቱ ነው እምቢ ያለው።

ባትሪውን ከኋላ በር አንስቼ አልጋ ስር አስገባሁት፣ በጋቢም ጠቀለልኩት፣ ትንሽ ተሻለ ግን ጋቢ ሙቀት ይይዛል እንጂ አይፈጥርም። ከሰል አስገባ ያሉኝ አሉ፣ እሱን በተዘጋ መኪና ውስጥ በፍጹም አላደርገውም፣ ጭሱ ሳይታይ ሰው ይገድላል።

አሁን ከባትሪው ስር የሚነጠፍ 12 ቮልት ማሞቂያ ልገዛ ነው፣ በቴርሞስታት (ሙቀቱን እያየ በራሱ በሚያበራና በሚያጠፋ) አድርጌ ሌሊቱን ከራሱ ከባትሪው እየሰራ ይደር ወይስ ጠዋት ከፓኔሉ በሚመጣው ብቻ እንዲሞቅ ላገናኘው?