ለ12 ሕፃናት 6 ሞግዚት ይበቃል? ማሳደጊያ ቤት ከመከፈቱ በፊት መታየት ያለበት

አዲስ_ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከቤተሰብ ተለይተው ለሚቆዩ ሕፃናት አነስተኛ ማሳደጊያ ቤት እያዘጋጀን ነው። 12 ልጆች ይገባሉ፤ 4ቱ ከ1 ዓመት በታች፣ 4ቱ ከ1 እስከ 2 ዓመት ተኩል፣ 4ቱ ደግሞ የ3 እና የ4 ዓመት ናቸው። በእቅዱ 6 ሞግዚት፣ አንድ ምግብ አብሳይና አንድ የጽዳት ሠራተኛ አሉ። የሕፃን አልጋዎቹ ያገለገሉ ናቸው፣ በስጦታ የተገኙ። የሰው ቁጥሩ ይበቃል? ከመክፈታችን በፊትስ ምን ምን በጥብቅ ይታይ? «ፍቅር ስጧቸው» ሳይሆን ቁጥር ያለው መልስ ነው የምፈልገው።

ፈረቃ_አውጪ፦
አይበቃም። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 6 ሰው በሳምንት 40፣ 40 ሰዓት ቢሠራ 240 ሰዓት ይሆናል። ለ168 ሲካፈል 1.4 ይመጣል። ወረቀት ላይ 6 ስም ይኑር እንጂ፣ በማንኛውም ሰዓት ቤቱ ውስጥ የምታገኘው አንድ ሰው ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ያውም ማንም ሳይታመም፣ ማንም ፈቃድ ሳይወጣ።

ከ1 ዓመት በታች ላሉት በብዙ አገር መመሪያ አንድ ሰው ለ3 ወይም ለ4 ሕፃን ነው። ለእናንተ ቀን (16 ሰዓት) 3 ሰው፣ ሌሊት (8 ሰዓት) 2 ሰው ዝቅተኛው ነው። ቀኑ በሳምንት 336፣ ሌሊቱ 112፣ ድምሩ 448 ሰዓት። ለ40 ሲካፈል 11.2። ፈቃድ፣ ሕመምና ሥልጠና ሲታከልበት 13 ሰው ግድ ነው። አብሳይዋንና ጽዳቷን እዚህ ውስጥ አትቁጠሩ፤ እጇ ድስት ላይ ያለ ሰው ሕፃን አይጠብቅም።

የሌሊት ተረኛ ደግሞ ነቅቶ የሚያድር ነው። አንድ ብቻ ከሆነ፣ አንዱን ልጅ ዳይፐር ስትቀይር 11ዱ ጠባቂ የላቸውም።

ነገር የሚበላሸው ግን ከሁሉ በላይ በፈረቃ ርክክብ ላይ ነው። ወጪና ገቢ ተረኞች ቢያንስ 15 ደቂቃ ይደራረቡ። ልጆቹን አልጋ ለአልጋ ሄደው በስም ይቁጠሩ። መጨረሻ የጠባው ስንት ሰዓት ነው፣ ስንት ሚሊ ሊትር፣ ምን መድኃኒት ተሰጠው፣ ገላው ላይ ምን ምልክት አለ፤ ሁሉም መዝገብ ላይ ይስፈር፣ ሁለቱም ይፈርሙ። የትኩሳት ሽሮፕ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቴ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ወጪዋ ሰጥታ ሳትጽፍ ትሄዳለች፣ ገቢዋ ግንባሩን ዳሳ ትደግመዋለች። ገና የማይድህ ሕፃን ላይ የበለዘ ቦታ ከታየ ደግሞ ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ለኃላፊና ለሐኪም ይነገር።

ነርስ_ሕፃናት፦
ስለ አልጋዎቹ ልናገር። የአጥሩ ዘንጎች ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ሜትር ከሌለ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ አስገቡ፤ ካለፈ አልጋው አይሆንም፣ ገላው ሾልኮ ጭንቅላቱ ይቀራል። በፍራሹና በአጥሩ መካከል ሁለት ጣት ከገባ ፍራሹ ጠቧል ማለት ነው። አንዱ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነ ጭራሽ አትቀበሉት፤ አሜሪካ በ2011 ሽያጩን የከለከለችው ማያያዣው እየለቀቀ ሕፃናት ስለታፈኑ ነው። በሽቦ አስሮ መጠገን አይሠራም። በአልጋና በአልጋ መካከል 90 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ ከመጋረጃ ገመድም ይራቅ።

ማስተኛት በጀርባ፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት ከውስጥ ይውጣ። «ቢያስመልሰው ትን ይለዋል» ብለው በሆዱ የሚያስተኙ አሉ፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን የወጣው ወተት ወደ ሳንባ ለመግባት ይከብደዋል።

የዱቄት ወተት ከባክቴሪያ የጸዳ አይደለም። ስለዚህ ውኃው ፈልቶ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ፣ ገና 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ እያለ ይበጥበጥ። ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አብርዶ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር። በ2 ሰዓት ውስጥ ያላለቀ ይደፋል፤ ከአንዱ የተረፈ ለሌላው አይሰጥም። ሰው ሲያንስ የሚመጣው አንዱ ክፉ ልማድ ጡጦውን በጨርቅ ደግፎ ሕፃኑን ብቻውን ማስጠባት ነው። ወተቱ ሲበዛበት ጭንቅላቱን ማዞር አይችልም፤ ትን ይለዋል፣ ጆሮውም ይታመማል።

ገላ ማጠብ ላይ፦ ቀዝቃዛው ውኃ ይቅደም፣ ሙቁ ይከተል፣ 37 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ፎጣ፣ ዳይፐርና ልብስ አስቀድሞ እጅ በሚደርስበት ይቀመጥ፤ «ፎጣ ላምጣ» ተብሎ አይሄድም። 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይበቃል። ባልዲም ተደፍቶ ይቀመጥ፤ ዳዴ የሚል ልጅ ጭንቅላቱ ስለሚከብድ ተደፍቶ ከገባ ራሱን አያወጣም።

አንድ_ፊት፦
ፈረቃ_አውጪ ሒሳቡን በደንብ አስቀምጦታል። አንድ ነገር ግን ዘሎ አለፈ፤ 13 ሰው ተቀጥሮ ሁሉም በየክፍሉ ቢዘዋወር፣ ሕፃኑ በሳምንት 13 ፊት ያያል። ለእያንዳንዱ ልጅ ዋና ሞግዚት ይመደብለት፣ አንዷ ከ3 ወይም ከ4 በላይ አትያዝ፤ ፈረቃዋ ላይ ስትሆን የምታጠባውም፣ የምታጥበውም፣ የምታስተኛውም እሷ ትሁን። ለሁለት ሳምንት መጥቶ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ልብስ ይጠብ፣ አጥር ይቀባ፤ ሕፃን አይታቀፍ።

ጎብኚ «እንዴት ጸጥ ያሉ ልጆች ናቸው!» ካለ ደንግጡ። አልቅሶ መልስ ያጣ ሕፃን ማልቀሱን ያቆማል።

ሌላው፣ እነዚያ 4 ጨቅላዎች በእርግጥ እዚያ መግባት አለባቸው ወይ? የተባበሩት መንግሥታት በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ በተለይ ከ3 ዓመት በታች ያሉት በቤተሰብ ውስጥ ይደጉ ይላል። ቡካሬስት ላይ 136 የማሳደጊያ ሕፃናትን የተከታተለው ጥናትም፣ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የሄዱት ከዘገዩት ይልቅ ከሰው ጋር መተሳሰር እንደቀለላቸው አሳይቷል። ለእያንዳንዱ ልጅ ገና ሲገባ የመውጫ እቅድ ይጻፍ፣ በየ3 ወሩም ይታይ።

አዲስ_ቤት፦
አመሰግናለሁ፣ 13 የሚለው አስደንግጦኛል። ሁለት ነገር ልጨምር። ሌሊት 2 ሰው ብቻ እያለ እሳት ቢነሳ 12 ልጅ እንዴት ይወጣል? በረኪናውስ ስንት በስንት ይበጥበጥ?

ፈረቃ_አውጪ፦
ሕፃናቱ ምድር ቤት ይተኙ፤ ፎቅ ላይ ከሆኑ 2 ሰው አይችልም። ጠንካራ ጎማ ያላቸው 2 አልጋዎች መውጫው አጠገብ ባዶ ይቁሙ። አንዱ ላይ 4ቱ ጨቅላዎች፣ ሁለተኛው ላይ የ1 እና የ2 ዓመቶቹ ይጫናሉ። ትልልቆቹ ከፊተኛው አልጋ ጀርባ የታሰረ ገመድ ይዘው በሁለቱ መሃል ይሄዳሉ። በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ ይከፈት። መጀመሪያ ልጆቹን ሳይሆን 10፣ 10 ኪሎ የአሸዋ ከረጢት ጭናችሁ ሞክሩ። ጎማው የሚያዘው ብዙ ጊዜ የበሩ ደፍ ላይ ነው፤ እሱን ደልድሉት። ልምምዱን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይም አድርጉት፣ የቀኑ ብቻ ያታልላል።

ነርስ_ሕፃናት፦
በረኪናው 5 ከመቶ ከሆነ (መያዣው ላይ እዩ)፣ ለዳይፐር መቀየሪያና ለአሻንጉሊት 10 ሚሊ ሊትር በ990 ሚሊ ሊትር ውኃ፤ ደም ለነካው 100 በ900። መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙና ይታጠብ፣ አለዚያ በረኪናው ቆሻሻው ላይ ያልቃል። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል። የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ግን ፈጽሞ አታስቀምጡት።