ሱፐርሂተር ያለው ሎኮሞቲቭ በምን ይሻላል? (ከጀማሪ እሳት አንዳጅ የቀረበ ጥያቄ)

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። የምኖረው ጀርመን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ የእንፋሎት ባቡሮችን በሚያንቀሳቅስ ማኅበር ውስጥ በበጎ ፈቃድ እሳት አነዳለሁ። ሁለት ሎኮሞቲቮች አሉን፤ ትንሿ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የምታመላልስ ናት፣ ሱፐርሂተር (ከቦይለሩ የወጣውን እንፋሎት እንደገና የሚያግል ዕቃ) የላትም። ትልቁ አለው። የሁለቱም ቦይለር (ውሃው የሚፈላበት ጋን) በ12 ባር ግፊት ነው የሚሠራው። ግፊቱ እኩል ከሆነ እንፋሎቱን እንደገና ማጋል ምን ይጠቅማል? ደግሞ ነጂው ትልቁ ላይ ስሆን «ውሃ አታብዛ» እያለ ይቆጣኛል። ለምን?

የቴርሞ መምህር፦ ወንድሜ፣ ግፊቱ እኩል ቢሆንም ሙቀቱ ይለያያል። በ12 ባር ከውሃው የሚነሳው እንፋሎት 191 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ጥቂት ሙቀት ካጣ ወዲያው ተመልሶ ውሃ ይሆናል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ደግሞ ቀድሞ በወጣው እንፋሎት በርዶ ይቆየዋል። ስለዚህ ከገባው ውስጥ ከፊሉ ፒስተኑን ሳይገፋ ግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ያንን ውሃ ለማፍላት የነደደው ከሰል ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ሱፐርሂተሩ እንፋሎቱን በጭስ ቱቦዎቹ ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ቧንቧዎች አመላልሶ 350 ዲግሪ ድረስ ያግለዋል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ቢያበርደውም ትርፍ ሙቀቱን ያጣል እንጂ ውሃ አይሆንም። በዚያ ላይ በዚያው ግፊት አንዱ ኪሎ እንፋሎት 40 በመቶ ያህል የሰፋ ቦታ ይይዛል፤ ሲሊንደሩን ለመሙላት ያነሰ ውሃ ይበቃል።

ባቡር ወዳጅ፦ ያለኸው እኮ ነገሩ የተጀመረበት አገር ነው! የጀርመናዊው መሐንዲስ የቪልሄልም ሽሚት ሱፐርሂተር በፕሩሲያ (በያኔው የጀርመን ግዛት) ሎኮሞቲቮች ላይ የተሞከረው በ1898 ነው (በአውሮፓውያን አቆጣጠር)። በ1906 የመጣው ፒ8 የሚባለው ሱፐርሂተር ያለው የፕሩሲያ ሎኮሞቲቭ ከ3,000 በላይ ተሠርቷል። እንግሊዞች በ1909 ሱፐርሂተር ያለውንና የሌለውን በአንድ መስመር አወዳድረው ከሰሉም ውሃውም ሲቀንስ በዓይናቸው አዩ።

ጋራዥ ያደገ፦ የውሃውን ነገር እኔ ልንገርህ። ቦይለሩ ውስጥ ውሃው ከበዛ እየተረጨ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ሱፐርሂተሩ ያን ጊዜ እንፋሎት ማጋሉን ትቶ ውሃ ማፍላት ይጀምራል፤ ጥቅሙ ጠፋ። ቧንቧዎቹም ውስጥ ደለል ይጋገራል። ሲሊንደር ውስጥ ከደረሰ ደግሞ ውሃ አይታመቅምና ክዳኑን ሊሰብር ይችላል። ነጂህ የሚቆጣህ ለዚህ ነው፣ አትቀየመው። የሲሊንደር ዘይቱንም ከትንሿ ጋር አታቀላቅል፤ ለትልቁ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ካልሆነ ከስሎ ቫልቮቹ ላይ ይጋገራል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ከጠቀመ ትንሿስ ለምን ቀረባት?

ጋራዥ ያደገ፦ አሥር ሜትር ሄዳ ስለምትቆም ነው። ቧንቧዎቹ ሳይግሉ እንፋሎቱ ይዘጋል። ጥቅሙ የሚገኘው ረጅም መንገድ በጭነት ሲሄዱ ነው።