ቮልሷ ስትነሳ ጥርስ ታፋጫለች፤ ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር) ተቀይሮም ያው ነው

ማራኪ64፦
ሰላም ለቤቱ። መኪናዋ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1964 ቮልስ ናት። ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) የራሷ ነው፤ ሞተሯ ግን ከሌላ፣ አዲስ ሞዴል ከሆነች ቮልስ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ከ6 ቮልት ወደ 12 ተዛወረች። ቁልፍ ሲዞር ከአምስት ጊዜ ሦስቱን «ግርርር» ብላ ጥርስ ታፋጫለች። በያዘች ጊዜ ግን በኃይል ነው የምታዞረው። አሮጌው ሞተሪኖ ሁለቴ ተፈቶ ካርቦንና የኋላ ቦኮላ (ዘንጉ የሚያርፍበት ቀለበት) ተቀየረለት፤ በመጨረሻ አዲስ የ12 ቮልት ተገዛ። ጠረጴዛ ላይ በባትሪ ሲሞከር ፒኞኑ (የሞተሪኖው ትንሽ ጥርስ) ይወጣል፣ ይሽከረከራል፣ እንከን የለውም። መኪናዋ ላይ ሲገባ ያው ድምፅ። አሁን «ቮላኖው (ፒኞኑ የሚያዞረው የሞተሩ ትልቅ ባለ ጥርስ ጎማ) አልቋል፣ ሞተር እናውርድ» ተብያለሁ። ከዚያ በፊት ምን ልመርምር? ጎንደር ቁልቁለት አያጣም፣ እስካሁን እሱ ነው የሚያስነሳት፤ አዘዞ ሜዳው ላይ ስትቆም ግን መገፋት ነው።

ኤሌትራውቶ፦
ወንድሜ፣ ሞተር ለማውረድ አትቸኩል። መጀመሪያ ድምፁን ለይ። «ትክ ትክ ትክ» ብቻ ከሆነ ሶሌኖይዱ (ፒኞኑን የሚገፋው መግነጢስ) ጋ የሚደርሰው ቮልት አንሷል። «ዊዝዝ» ብሎ ሞተሪኖው ብቻውን ከዞረ የፒኞኑ አንድ አቅጣጫ መያዣ ተንሸራቷል። ሞተር ከተነሳ በኋላ የሚጮህ ከሆነ ፒኞኑ አልተመለሰም፤ የቁልፉን ኮንታክትና የሶሌኖይዱን ሞላ ተመልከት። ያንተ «ግርርር» ግን ጥርስና ጥርስ በትክክል አልተገናኙም ማለት ነው።

ቮላኖው መበላቱን ሞተር ሳታወርድ ታውቃለህ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ የሚቆመው ኮምፕሬሽን ላይ ስለሆነ ጥርሱ የሚበላው ዙሪያውን ሳይሆን ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ቁልፉን አጥፋ፣ ማርሹን ነፃ አድርግ፣ ባፋጨችበት ቅጽበት የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘህ በቺንጋው በኩል ሞተሩን ሩብ ዙር አዙር። ከዚያ ሞክር። በየጊዜው ሩብ ዙር ስታዞር ሁልጊዜ የምትይዝ ከሆነ ጥፋቱ የቮላኖው ነው። የትም አዙረህ እንደ ዕድሏ ከሆነ ቮላኖውን ተወው፣ ፒኞኑ ራሱ ተንጋዶ ነው የሚመጣው።

ሌላው፣ የቮልስ ሞተሪኖ ጠረጴዛ ላይ ደህና መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። የዘንጉ የፊት ጫፍ የሚያርፍበት ቦኮላ ሞተሪኖው ላይ የለም፤ መኪናዋ ላይ፣ የካምቢዮው ቤት ውስጥ ነው የተተከለው። ሞተሪኖ አሥር ጊዜ ቢቀየር እሱ እዚያው ይቀራል። እንዳንተ በተዳቀለች መኪና ደግሞ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ነው፤ የ6 ቮልቱ ሞተሪኖ ዘንግ 12.5 ሚሊሜትር ሲሆን የ12 ቮልቱ 10.9 ነው። ቀጭኑ ዘንግ ሰፊው ቦኮላ ውስጥ ከገባ 1.6 ሚሊሜትር ይዋልላል።

ሞተሪኖውን አውጣና ሁለት ነገር ጻፍልን፦ የቦኮላውን ውስጥ በካሊበር ለካ፣ የቮላኖውንም ጥርስ ቁጠር። በሞተሪኖው ቀዳዳ በኩል አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርገህ ሞተሩን በእጅ እያዞርክ ትቆጥራለህ። አሰልቺ ነው፣ ግን ግምት ያስቀራል። 109 ከሆነ የ6 ቮልት፣ 130 ከሆነ የ12 ቮልት ቮላኖ ነው።

አወጣጡ፦ ባትሪው በኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ መጀመሪያ ማሳውን (የኔጋቲቭ ገመዱን) ፍታ፣ ወፍራሙ ገመድ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት። የቀኙን የኋላ ጎማ አውልቅ፣ በክሪክ ብቻ አትተማመን፣ ካባሌቶ (መደገፊያ) አስገባ። የታችኛው ዳዶ 17 ነው። የላይኛው ብሎን ሞተሩንም አብሮ ይይዛል፤ ዳዶው ሞተር ክፍል ውስጥ ከማራገቢያው ቤት ጀርባ ስለሆነ በዳሰሳ ነው የምታገኘው፣ እሱም 17። ስትፈታው ላላ ብሎ ካገኘኸው ንገረን። እሱ ብቻውን ከላላ ሞተሪኖው ይንጋደድና ያፋጫል።

ማራኪ64፦
ሩብ ዙሩን ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም፣ እንደ ዕድሏ ነው። ጥርሱ 130። የቦኮላው ውስጥ ወደ ታች በኩል ሞላላ ሆኗል፣ በሰፊው 12.8 በጠባቡ 12.5። የአዲሱ ሞተሪኖ ዘንግ 10.9። የላይኛው ዳዶ ጥብቅ ነበር። የቮላኖው ጥርስ ጠርዙ ተሸራርፏል እንጂ የጎደለ የለም።

ቶርኖ ቤት፦
እንግዲህ ተገኘ። ውጩ ለካምቢዮህ ጉድጓድ፣ ውስጡ 10.9 የሆነ የነሐስ ቦኮላ ነው የሚያስፈልግህ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የቮልስ ዕቃ ያላቸውን ጠይቅ። ካጣህ ማንኛውም ቶርኖ ቤት ይቆርጥልሃል፣ ግን «የቮልስ ቦኮላ» ብለህ ብቻ አትሂድ። የተነቀለውን አሮጌ ቦኮላና ሞተሪኖውን ራሱን ይዘህ ሂድ። ውጩ ከአሮጌው ይለካል፣ ውስጡ ከዘንጉ።

አነቃቀሉ ላይ ብዙ ሰው ያበላሻል። የካምቢዮው ቤት የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ በመሮና በመዶሻ ቦኮላውን ልፈንቅል ካልክ ጉድጓዱን ትቀደዋለህ፣ ያኔ እውነትም ሞተር ይወርዳል። ለ12.5 ቀዳዳ የ14 በ1.5 ፊሌቶ ማውጫ (የብሎን ጥርስ መቁረጫ) ልክ ነው። ቦኮላው ውስጥ ቀስ እያልክ እያዞርክ አስገባው፣ ከነከሰ በኋላ ማውጫውን ራሱን ይዘህ ወደ ውጭ ሳበው። ካልመጣ ፊሌቶውን ጨርሰህ ረጅም የ14 ብሎን እሰርበት፤ ብሎኑ ላይ ወፍራም ቱቦና ሮንዴላ ደርድረህ ዳዶውን ስታጠብቅ ራሱ ይወጣል። ብናኙን ግራሶ በተቀባ ጨርቅ ልቀመው፣ በአየር አትንፋው፤ ከነፋኸው ፍሪሲዮኑ ውስጥ ይገባል።

አዲሱን ከመግጠምህ በፊት አንድ ሌሊት የሞተር ዘይት ውስጥ ንከረው፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ነሐስ ከሆነ ይመጠዋል። ሲገባ በመዶሻ በቀጥታ አትምታው፤ የዘንጉን ያህል ውፍረት ያለው ደረጃ ያለው ብረት ይቆረጥልህና በእሱ ግፋው። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ፦ ቦኮላ ሲጨናነቅ ውስጡ ይጠባል። ቶርኖ ላይ ዘንጉ ላላ ብሎ ገብቶ መኪናዋ ላይ ሊነክስ ይችላል። ከገባ በኋላ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ክፍተት እንዲኖረው ነው የሚፈለገው። ሞተሪኖውን ብሎን ሳታስር በእጅህ አስገብተህ ፒኞኑ በነፃ መዞሩን እይ።

130 ጥርሱ ቮላኖ ከ109ኙ በዙሪያ ሰፋ ይላል። የ6 ቮልት ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ቤቱ ከውስጥ መፋቅ ነበረበት። በባትሪ መብራት እይ፤ የሚያብለጨልጭ አዲስ ጭረት ካለ ቮላኖው እየነካ ነው።

ጉዞ ወደ ላይ፦
እኔ ግን ኤሌክትሪኩን ሳታይ አትዝጋው እላለሁ። የ6 ቮልት መኪና ገመዶች አርጅተዋል። ስታስነሳ የሶሌኖይዱ 50 ቁጥር (ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ገመድ የሚታሰርበት) ላይ ስንት ቮልት ይደርሳል? ከ8 በታች ከሆነ ቦኮላ ብትቀይርም አታርፍም።

ኤሌትራውቶ፦
ልክ ነህ። «በኃይል ታዞራለች» ማለት ወፍራሙ ገመድ ደህና ነው ማለት ብቻ ነው። የ50 ቁጥሩ ቀጭን ገመድ ከኋላ ተነስቶ ቁልፉ ድረስ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል፤ መንገድ ላይ ቮልት ይጥላል። የቆመ ባትሪ 12.6፣ ሲያዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። በባትሪውና በ50 ቁጥሩ መካከል ልዩነቱ ከ1 ቮልት በላይ ከሆነ ሞተሪኖው አጠገብ ባለ 30 አምፔር ሪሌ ጨምር፦ 30 ከባትሪ፣ 87 ወደ 50 ቁጥር፣ 86 ከቁልፉ የሚመጣው፣ 85 ማሳ። ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ሻሲው የሚሄደውን የማሳ ጠፍጣፋ ገመድም ፍታና በብረት ብሩሽ አጽዳ፤ ከክረምቱ ጭቃ ሥር ነው ያለው።

ማራኪ64፦
50 ቁጥር ላይ 9.9 አለ፣ ባትሪው በዚያው ጊዜ 10.4። ቦኮላው እየተቆረጠ ነው። የተሸራረፈውን የቮላኖ ጥርስስ ምን ላድርገው?

ቶርኖ ቤት፦
ገመዱ ደህና ነው፣ ሪሌውን ተወው። የቮልስ ቮላኖ ጥርሱ ከአካሉ ጋር አንድ ስለሆነ ቀለበቱን ብቻ መቀየር የለም። ጠርዙ ብቻ ከሆነ የተሸራረፈው፣ በቀዳዳው በኩል ፒኞኑ የሚገባበትን ፊት በትንሽ ሞረድ አለስልሰው፤ ሹል ትርፉን ማንሳት ነው እንጂ ጥርሱን ማሳነስ አይደለም። የፒኞኑንም ጫፍ እይ፣ ያ አዲስ ሞተሪኖ ስንት ጊዜ አፋጭቷል። የዘንጉን ጥርስ በቀጭን ዘይት ብቻ አርጥበው፤ ወፍራም ግራሶ አቧራ ይይዝና ፒኞኑን ያስቀረዋል። ፒኞኑን ቤንዚን ውስጥ አትንከረው፣ በውስጡ ያለውን ቅባት አጥቦ ያወጣዋል። ሲገጠም የላይኛውንም የታችኛውንም ዳዶ 30 ኒውተን ሜትር፣ ሁለቱን እያፈራረቅህ አጥብቅ።